«የመጨረሻው ቁጥር» የማን ነው? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ሙያ ስያሜ የቀረበ ሂስ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድን አዲስ ነገር በዳታቤዝ ባስመዘገቡ ቁጥር የሚገጥማቸው ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ አለ። አዲስ ሰው፣ አዲስ ደረሰኝ ወይም አዲስ በሽተኛ ሲመዘገብ ማሽኑ ከራሱ ቆጣሪ ቁጥር አውጥቶ ይሰጠዋል። ቁጥሩን ያወጣው ማሽኑ ስለ ሆነ አስመዝጋቢው ፕሮግራም ስንት እንደ ደረሰው አያውቅም። ማወቅ ግን ግድ ነው፤ ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ የሚንጠለጠል ነውና። ደረሰኙ 418 ቁጥር ከደረሰው፣ በደረሰኙ ላይ የተዘረዘሩት አምስት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው «የ418 ነኝ» የሚል ምልክት ይዘው መመዝገብ አለባቸው። በ418 ፈንታ 419 ቢጻፍ የአንዱ ገበያተኛ ዕቃ በሌላው ሒሳብ ላይ ያርፋል። በሱቅ ሲሆን ጉዳቱ የገንዘብ ነው፤ በሐኪም ቤት ሲሆን ግን የአንዱ በሽተኛ የደም ምርመራ ውጤት በሌላው ስም ይነበባል።

እንግዲህ ይህን ሥራ፣ ማለትም ማሽኑ ለአዲሱ ምዝገባ የሰጠውን ቁጥር እጅ ማድረግን፣ በአማርኛ ምን እንበለው?

በየማስተማሪያውና በየትርጉሙ ተበታትነው የሚገኙትን ቃላት አሰባስበን ብናቆማቸው የሚከተለው ዓይነት ሐረግ ይወጣል፦ «በራስ-ሰር የመነጨውን የመጨረሻ መዝገብ መታወቂያ ከውሂብ ጎታ ሰርስሮ ማውጣት»። ሐረጉን ያቆምነው እኛ ነን። ቃላቱ ግን በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች፣ በተለይም በማሽን ትርጉም ላይ ዘወትር የሚታዩ ስለ ሆኑ አንባቢ ያውቃቸዋል። ከእነዚህ ቃላት ነቀፌታ የማያገኘው እምብዛም ነው። ይሁን እንጂ ጥፋታቸው እኩል አይደለም። ከፊሉ የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ከፊሉ የሥርወ ቃል ጉዳይ ነው፤ አንዱ ግን ባለሙያውን አሳስቶ ሥራውን የሚያበላሽ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ቀለል ካሉት እንጀምር።

«ሰረሰረ» ማለት ጠንካራ ነገርን እየቦረቦሩ ውስጥ ለውስጥ መብሳት ነው። ነቀዝ እህል ይሰረስራል፤ ሌባም ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ «ሰርስሮ ማውጣት» ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ባለቤቱ ሳያውቅ በቀዳዳ ሾልኮ የወጣን ነገር ያሳስባል። እንዲህ ያለ ድርጊት በዳታቤዝ ዓለም በእርግጥ ይፈጸማል፤ ስሙ ግን ስርቆት ነው። ተርጓሚው ምናልባት ከጥልቅ ቦታ ፈልፍሎ ማምጣትን ሊገልጽ አስቦ ይሆናል። ነገር ግን እዚህ የተቀበረም የተደበቀም ነገር የለም። ቁጥሩ አሁን የተሰጠ ነው፤ የሚጠበቀው «ስንት ሰጠኸኝ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ለሌላው፣ ማለትም ቀድሞ የተቀመጠን ነገር ለማግኘት ለሚደረገው ሥራ፣ «ፈልጎ ማውጣት» የሚለው የሰነድ ቤት ሠራተኛ አነጋገር ይበቃል።

«ራስ-ሰር» ደግሞ ሌላ ነው። በአሁኑ ጊዜ ተስፋፍቷልና ልንነቅለው አንሞክርም። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ። በ«ሰው ሠራሽ» ፊተኛው ቃል አድራጊውን ያመለክታል፤ ሰው የሠራው ማለት ነው። በዚያው መንገድ ቢነበብ «ራስ-ሰር ቁጥር» ባለቤቱ ራሱ ያወጣው ቁጥር ይሆንና የታሰበውን ትርጉም ገልብጦ ይሰጣል። በኛ ጉዳይ አድራጊው የታወቀ ስለ ሆነ «ማሽን የሰጠው» ማለት ይቀላል፤ አያሻማምም።

ስለ «ውሂብ ጎታ» ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። «ውሂብ» የተባለው፣ «ዳታ» በላቲን «የተሰጡ ነገሮች» ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ወሀበ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ያወጣው እንደሆነ ግልጽ ነው። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «ውሂብ» በግዕዝ አርእስት ነው፤ መስጠት ማለት ነው። የተሰጠው ነገር ሊባል የሚገባው «ውሁብ» ነበር። የሰጪውን ሥራ በተሰጠው ነገር ስም ላይ የለጠፈ ስያሜ ነው ማለት ነው። ስለ «ጎታ» ደግሞ፣ እንዲሁም ስለ ተወዳዳሪው «የመረጃ ቋት»፣ አንድ የጋራ ቅሬታ አለን። ጎታ እህል የሚከማችበት ነው፤ ቋትም ከወፍጮ የወረደውን ዱቄት የሚቀበል ነው። በጎታ ውስጥ ያለ ፍሬ ስም የለውም፤ በቋት ውስጥ ያለ ዱቄት ጭራሽ አይለይም። ዳታቤዝ የሚባለው ነገር ጠባዩ ግን ከመቶ ሺህ አንዱን በስሙ ጠርቶ ማውጣት መቻሉ ነው። ሁለቱም ስያሜዎች መጠኑን ሲያዩ ሥርዐቱን አላዩም። «የመረጃ ቋት»ን ልማድ ስላጸደቀው ይቆይ፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ዳታቤዝ» እያልን እናልፋለን።

ወደ «መዝገብ» እንመለስ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። መዝገብ በግዕዝ መጀመሪያ ትርጉሙ ሀብት የሚከማችበት ቦታ፣ እንዲሁም የተከማቸው ሀብት ራሱ ነው። ዘገበ ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ነው። «መዝገበ ቃላት» ስንልም የቃላት ግምጃ ቤት ማለታችን ነው። ስለዚህ በሥርወ ቃሉ ቢፈረድ «መዝገብ» የሚገባው ለጠቅላላው ማከማቻ እንጂ በውስጡ ላለችው ለአንዲቱ መስመር አይደለም። በዛሬው አማርኛ ግን ቃሉ በሦስት ቦታ ይሠራል። በጽሕፈት ቤት የሚዘረጋው ትልቁ ደብተር መዝገብ ነው። በፍርድ ቤት ደግሞ የአንዱ ጉዳይ ወረቀቶች የታሰሩበት ፋይል መዝገብ ነው፤ «የመዝገብ ቁጥር» ሲባል የዚያ የአንዱ ጉዳይ ቁጥር ነው። በኮምፒዩተር ትርጉሞች ላይ ደግሞ አንዷ መስመር መዝገብ ትባላለች። እንግዲህ «አዲስ መዝገብ አስገባ» የሚል ትእዛዝ ያየ ሰው አዲስ ደብተር ይክፈት ወይስ በተከፈተው ደብተር አንድ መስመር ይጻፍ? ይህ ፈተና የሚመስለው ለተርጓሚ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው በአንድ ቃል ምክንያት አዲስ ሰንጠረዥ የሚከፍት መሆኑን ያስብ።

አማርኛ ከዚህ መውጫ አለው። መዘገበ የሚለው ግስ «መ»ን እንደ ሥር ፊደል ይዞ ከስሙ የወጣ ግስ ነው፤ ጠነቀረ ከሚለው «ጥንቅር»፣ ጠረቀመ ከሚለው «ጥርቅም» እንደሚወጣ ሁሉ ከመዘገበ «ምዝግብ» ይወጣል። ምዝግብ የተመዘገበው ነገር ነው፤ መዝገብ ምዝግቦች የተቀመጡበት ነው። ቃሉ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ «ምዝግብ ማስታወሻ» በሚል ቅንጅት በሶፍትዌር ገጾች ላይ ገብቶ ይታያል። እዚያ የተሰጠው ሥራ የኮምፒዩተሩን የዕለት ውሎ መዘርዘር ስለ ሆነ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ አውጥቶ ለአንዲቱ መስመር መስጠት የሚከብድ አይሆንም። ከዚህ በኋላ ደብተሩን መዝገብ፣ መስመሯን ምዝግብ እንላለን።

«መታወቂያ» በዚህ ሥራ ላይ የሚገባው ቃል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ጸሐፊ የሚኖርበትን ሰሚትን ምሳሌ እናድርግ። (ሰሚት ራሱ የውሰት ስም ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ከአማርኛ ቃል ሳይለይ ይጠራዋል፤ ስለ ውሰት ቃል የሚሟገቱ ሰዎች ይህንን አልፎ አልፎ ቢያስቡት አይጎዳቸውም።) አብዛኛው ሰሚት ቀድሞ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር ነበር። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወደዚያ ተዛወረ። ነዋሪው ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል፣ ሰው ሳይለወጥ፣ በነዋሪነት መታወቂያው ላይ የተጻፈው ክፍለ ከተማ ግን ተለወጠ። መታወቂያው ክፍለ ከተማን፣ ወረዳንና የቤት ቁጥርን የሚዘረዝር ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ የሰውየው «ማንነት» በጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ተለወጠ ማለት ነው። ስለ ነዋሪው የሚናገር ቁጥር ነዋሪው ሲዛወር ውሸታም ይሆናል።

ይህን ችግር የዳታቤዝ ሰዎች ከቆዩ በኋላ ተረድተው ነው ስለ ባለቤቱ አንዳች የማይናገር ቁጥር ማሽኑ እንዲያወጣ ያደረጉት። ቁጥሩ ሥራው ማሳወቅ ሳይሆን መለየት ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ሁለቱ ቃላት ልዩነት በትክክል ይጠቅመናል። መታወቂያ ከ«ታወቀ» የወጣ ነው፤ ሰው በሌሎች ዘንድ የሚታወቅበት፣ ፎቶግራፍና ስም ያለበት ካርድ ነው። መለያ ከ«ለየ» የወጣ ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነው፤ ኳስ ተጫዋቾች የሚለብሱትም ልብስ መለያ የሚባለው ለዚሁ ነው። የገቢዎች መሥሪያ ቤት «የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር» ሲል ትክክለኛውን ቃል መርጧል። ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ቁጥር መለያ ቁጥር ነው፤ መታወቂያ ቢሉት ሰው ካርድ ይጠብቃል።

በዚሁ አጋጣሚ «ተራ ቁጥር»ንም እናሰናብት። በየቅጻችን መጀመሪያ ዓምድ ላይ ያለችው «ተ.ቁ.» ለዚህ ሥራ የምትስማማ የምትመስላቸው አሉ፤ ከአንድ ጀምራ በአንድ እየጨመረች መሄዷ እውነት ነው። ነገር ግን ተራ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቦታ ነው። ከዝርዝሩ ሦስተኛው ቢሰረዝና ዝርዝሩ እንደገና ቢጻፍ አራተኛው ሦስተኛ ይሆናል። መለያ ቁጥር ግን አይወረስም፤ ሦስተኛው ቢሰረዝ ቁጥሩ አብሮት ይቀራል፤ አራተኛው አራት እንደ ተባለ ይኖራል። በመካከል የተዘለለ ቁጥር ያየ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ሰነድ ጠፋ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። በዳታቤዝ ግን ተጀምሮ ሳይጸና የቀረ ምዝገባም የወሰደውን ቁጥር ይዞት ይሄዳልና መዝለሉ የጥፋት ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከላይ ያነሣናቸው ቃላት ሁሉ ቢታረሙና «የመጨረሻ» የሚለው ብቻ ቢቀር፣ ስያሜው አሁንም ጎጂ ነው።

አንድ ጽሕፈት ቤት ሁለት መስኮት አለው እንበል። በሁለቱም መስኮት ሠራተኞች ከአንድ መዝገብ ላይ ይመዘግባሉ። በአንደኛው መስኮት ያለው ሠራተኛ አንድ ሰው መዘገበና ማሽኑ 418 ሰጠው። ቁጥሩን ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ በዚያች ቅጽበት በሁለተኛው መስኮት ሌላ ሰው ተመዘገበና 419 ተሰጠው። የመጀመሪያው ሠራተኛ አሁን ማሽኑን «የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ማሽኑ በእውነት ይመልስለታል፦ 419። ማሽኑ አልዋሸም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በመዝገቡ ላይ ትልቁ ቁጥር ስንት ነው? በመጨረሻ የተሰጠው ቁጥር ስንት ነው? ለእኔ የተሰጠኝ ቁጥር ስንት ነው? አንድ ሠራተኛ ብቻውን ሲሠራ ሦስቱም አንድ መልስ አላቸው። ጀማሪው ፕሮግራም ጸሐፊ በቤቱ ብቻውን ሲሞክር ሁሉም ትክክል ሆነው ያገኛቸዋልና በየትኛውም ቢጠቀም ችግር አይታየውም። ስሕተቱ የሚወጣው ሥራ በበዛበት ቀን፣ ሰልፉ በረዘመ ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን በሺህ አንዴ ስለ ሆነ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። «ከፍተኛውን ቁጥር አምጣ» የሚል ትእዛዝ ጽፎ ሥራውን የጨረሰ ሰው በዓለም ሁሉ ሞልቷል። ሙያው ይህን ስሕተት ለይቶ ካወቀው ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስሕተቱ ግን አሁንም በየአዲሱ ትውልድ ይደገማል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ስያሜው ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ በኩል ጥፋቱ መጀመሪያ የእንግሊዝኛው ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበው መጠየቂያ «ላስት ኢንሰርት አይዲ» ይባላል፤ ቃል በቃል የመጨረሻው ገቢ መለያ እንደ ማለት ነው። ስሙ በሁለት መንገድ ያሳስታል። አንደኛ፣ መጠየቂያው የሚመልሰው በዓለም ላይ የመጨረሻ የሆነውን ሳይሆን በዚያ በአንዱ ግንኙነት፣ ማለትም በዚያ በአንዱ መስኮት፣ የተሰጠውን ነው። ይህ መልካም ነው፤ ስሙ ግን አይናገረውም። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በአንድ ትእዛዝ ብዙ ምዝግቦች አንድ ላይ ቢገቡ፣ «የመጨረሻ» የተባለው መጠየቂያ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። በአማርኛ «የመጨረሻው» ብሎ የተረጎመ ሰው ለቃሉ ታምኖ ለሥራው ሳይታመን ቀረ።

የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ የዚሁ ሌላ ምሳሌ ነው። በዚያ ዳታቤዝ «አይደንቲቲ» በሚባለው የቆየ መጠየቂያ ቢጠየቅ፣ የሚመልሰው በግንኙነቱ ውስጥ በመጨረሻ የወጣውን ቁጥር ነው፤ ከየትኛው ሰንጠረዥ እንደ ወጣ አይለይም። አንድ ሰው ሲመዘገብ ተከትሎ በራሱ የሚነሣ ሌላ ትእዛዝ፣ ባለሙያዎች ትሪገር የሚሉት፣ በቁጥጥር መዝገብ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ ጠያቂው የሰውየውን ቁጥር መስሎት የቁጥጥር መዝገቡን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ይህን ለማረም «ስኮፕ አይደንቲቲ» የሚባል ሌላ መጠየቂያ ተጨመረ፤ እርሱም ጠያቂው ባለበት የትእዛዝ ክልል ውስጥ የተሰጠውን ብቻ ይናገራል። ልብ እንበል፤ እርማቱ ቁጥሩን በጊዜ መፈለግን ትቶ በባለቤቱ መፈለግ ነው።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 8.2ኛ ዕትሙ ከዚህ ሁሉ የተሻለ መንገድ ያዘ፤ ኤስኪውላይትም በ2021 በ3.35ኛ ዕትሙ ተከተለው። በዚህ መንገድ ከምዝገባው በኋላ ሌላ ጥያቄ አይቀርብም። የምዝገባው ትእዛዝ ራሱ «ሪተርኒንግ» በምትል ቃል ይደመደማል፤ ማሽኑም ምዝግቡን ተቀብሎ ቁጥሩን በዚያው ይመልሳል። ከሁለት ሥራ አንድ ሥራ ሆነ ማለት ነው። በመካከል ሌላ ሰው የሚገባበት ክፍተት የለም። እንግሊዝኛው ራሱ «የመጨረሻ»ን ትቶ «መመለስ»ን ሲይዝ፣ እኛ የተወውን እየተረጎምን ማስተማራችን ያሳዝናል።

ለሙያዊ ቃላት አሰያየም የተለመደ ቅደም ተከተል አለ፤ በአማርኛ ይፈለግ፣ ከጠፋ ከግዕዝ፣ ከዚያም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻ ከውጭ ይወሰድ የሚል ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በ1989 ዓ.ም. የወጣውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ጨምሮ፣ በዚህ ዘርፍ የተደከመው ድካም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ቃልን እንጂ ሥራን የሚፈልግ አይደለም። «ሪትሪቭ» ለሚለው ቃል አቻ ከመፈለግ በፊት ይህ ሥራ በአገራችን ከዚህ ቀደም ተሠርቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረብን። ተሠርቶ ያውቃል። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ዘወትር ይሠራል።

ጸሐፊዋ ደብዳቤ ትጽፋለች። በራስጌው «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉት ቦታዎች ባዶ ናቸው። ኃላፊው ይፈርማል። ደብዳቤው አሁንም ደብዳቤ አልሆነም፤ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የወጪ ደብዳቤዎችን መዝገብ ገልጣ፣ ለማን እንደ ተጻፈና ስለ ምን እንደ ሆነ በቀጣዩ መስመር ላይ ታሰፍራለች፤ የዚያን መስመር ቁጥር በደብዳቤው ራስጌ ላይ ትጽፋለች፤ ማኅተም ትመታለች። በመሥሪያ ቤት አማርኛ ደብዳቤው «ወጪ ሆነ» ይባላል። መመዝገብና ቁጥር መቀበል በአንድ እጅ፣ ባንድ ጊዜ ተፈጸመ። ከሁለት ደብዳቤ ይዘው የመጡ ሁለት ተላላኪዎች አንዱ «የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ በራሱ እጅ በደብዳቤው ላይ ቢጽፍ ሠራተኛዋ ትቆጣዋለች፤ መቆጣቷም ትክክል ነው። ቁጥር የሚጠየቅ ሳይሆን የሚሰጥ ነው። የተሰረዘ ደብዳቤ ቢኖር በመስመሩ ላይ «ተሰርዟል» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ዳታቤዝ አዋቂዎች በብዙ ድካም የደረሱበት ሥርዐት በዚያ መዝገብ ላይ ይታያል።

ከመዝገብ ቤቱ የምንወስደው ግስ «ሰጠ» እና «ተቀበለ» ነው። ማሽኑ ይሰጣል፣ ፕሮግራሙ ይቀበላል። ፍለጋ የለም።

የተራው ሕዝብ አነጋገርም ይህንኑ ይደግፋል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም ባንኮች የፋይዳ ቁጥር መጠየቅ ከጀመሩ በኋላ፣ በሰሚት ኮንዶሚኒየም ከብሎኮች ሥር ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ስለ ፋይዳ ሳይነገር የሚውልበት ቀን የለም። ተመዝጋቢው አሻራውንና የዓይኑን ምስል ሰጥቶ ሲጨርስ ረዥም የምዝገባ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይይዛል። ይህ የፋይዳ ቁጥሩ አይደለም። አሻራው ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ተነጻጽሮ፣ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ያልመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር የሚሰጠው፤ በስልኩም መልእክት የሚደርሰው። አኃዞቹ ስለ ትውልድ ቦታውም ሆነ ስለ ዕድሜው አንዳች አይናገሩም። በዚህ ሥርዐት ምዝገባና ቁጥር መስጠት ተለያይተው በመካከላቸው ቀናት ይገባሉ። ሰዎችም «የምዝገባ ቁጥር» እና «የፋይዳ ቁጥር» ሲያምታቱ ይሰማሉ፤ ይህ ግን የስያሜው ሳይሆን የሁለቱ ወረቀቶች መመሳሰል ያመጣው ነው።

ቁጥሩ የደረሰው ሰው ታዲያ ምን ይላል? «ፋይዳዬ መጣልኝ» ይላል። «ላንተ መጣልህ? ለባለቤቴ መጣላት፤ ለእኔ ገና ነው»። አንድም ሰው «የመጨረሻው ቁጥር ወጣ» አይልም። የሚያስፈልገን ሰዋስው በዚህ ውስጥ አለ። «መጣ» ብቻውን የሚናገረው ስለ ቁጥሩ ነው፤ «መጣልኝ» ግን በ«‑ልኝ» ቅጥያ ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። የአማርኛ ግስ ድርጊቱ ለማን እንደ ተፈጸመ በራሱ አካል ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተሰጠኝ፣ ተሰጠህ፣ ተሰጣት። «የመጨረሻው ቁጥር» ባለቤት የለውም። «የተሰጠኝ ቁጥር» አለው። እንግሊዝኛው በ«ስኮፕ» እና በመሳሰለው ተጨማሪ ቃል ሊጠግነው የደከመውን ክፍተት አማርኛ በአንዲት ቅጥያ ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ሙያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ማንሣት ይገባል። ስያሜው በሦስተኛ መደብ ሲቆም «የተሰጠው ቁጥር» ይሆናል፤ ይህም አሻሚ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «‑ው» እንደ ተሳቢ ቅጥያ ብትነበብ «ለእርሱ የተሰጠ ቁጥር» ማለት ነው፤ እንደ እመር ምልክት ብትነበብ ግን «ያ የምናውቀው፣ የተሰጠ ቁጥር» ብቻ ትሆናለች፤ ባለቤቱም ይጠፋል። በሴት መደብ «የተሰጣት» ቢባል ጥርጥሩ ይወገድ ነበር፤ ምዝግብን ግን በሴት ጾታ መጥራት የሁሉም ልማድ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱን በግልጽ አውጥቶ «ለምዝግቡ የተሰጠ መለያ ቁጥር» ማለት ይሻላል፤ ሥራውም «ለምዝግቡ የተሰጠውን መለያ ቁጥር መቀበል» ይባላል። ለመጠየቂያዎች ስም፣ ማሳጠር በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ፕሮግራሙ ስለ ራሱ የሚናገርበት «የተሰጠኝ መለያ» ከማንኛውም ይልቅ አጭርና ጥርት ያለ ነው። በመጀመሪያ መደብ የቆመ ሙያዊ ስያሜ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ እንግዳነቱን ግን ጥቅሙ ይከፍለዋል።

ወጣት ባለሙያዎች በዚህ ጽሑፍ ሊስቁ ይችላሉ፤ «ኢንሰርት አድርግና አይዲውን ያዘው» ብለው ሥራቸውን እየሠሩ ነውና። አንቃወማቸውም። እንዲያውም «ያዘው» ከ«ሰርስሮ አውጣ» እጅግ የተሻለ አማርኛ ነው። «አይዲ»ም በንግግር ሊነቀል የማይችል ቃል ሆኗል። የኛ ጥያቄ በጽሑፍ ለሚያስተምሩ፣ መመሪያ ለሚያዘጋጁና የሶፍትዌር ገጽ ለሚተረጉሙ ነው፤ ተማሪው እንግሊዝኛውን ሳያይ በእነርሱ ቃል ብቻ ሥራውን የሚማርበት ጊዜ እየመጣ ስለ ሆነ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ይቀራል። ብዙ ምዝግቦች በአንድ ትእዛዝ ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው የተሰጠውን ቁጥር ለይቶ መቀበል ያስፈልጋል። «ለምዝግቦቹ የተሰጡ ቁጥሮች» ቢባል ቁጥሮቹ ለሁሉም በጅምላ የተሰጡ ይመስላል፤ የትኛው ለየትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። አማርኛ «የ»ን በመድገም ይህንን የሚለይበት መንገድ አለው፤ «የየምዝግቡ መለያ ቁጥር» ይባላል፤ እንደ «የየቤቱ»፣ እንደ «የየራሳቸው»። ይህ የተደገመ «የየ» በሙያዊ ስያሜ መካከል ሲገባ ለአንባቢ የጽሕፈት ስሕተት እንዳይመስል፣ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራሞችም አንዱን «የ» እንዳይሰርዙት ምን መደረግ እንዳለበት፣ ይህን ገጽ የሚከታተሉ ተርጓሚዎች አስተያየታቸውን ቢልኩ መልካም ነው።